ስለ ጆርጆ ሞራንዲ ዛፎችና ኮረብቶች

በአገራችን ሥዕል ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ቀለም ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእመቤታችንን ሰማያዊ መጎናጸፊያ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ፥ የመላእክትን ቀይና ቢጫ ክንፍ እያየ ያደገ ዐይን፥ ቀለም የሌለው ሥዕል ቢያቀርቡለት ያላለቀ ሥራ ይመስለዋል። በትምህርት ቤትም ተማሪዎቻችን ዛፍ ሣሉ በተባሉ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት አረንጓዴ እርሳስ ነው፤ ያጣ ተማሪም ከጎረቤቱ እስኪዋስ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ በጥቁር መስመር ብቻ ቅጠልን፥ ጥላንና የቀትር ፀሐይን ሊያሳየን ስለ ቻለ አንድ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ በዚህ ወር ጥቂት ለመናገር ወደናል።

ስሙ ጆርጆ ሞራንዲ ይባላል። በሰሜን ኢጣሊያ በቦሎኛ ከተማ በ1890 ተወልዶ፥ በዚያችው ከተማ በ1964 ዐረፈ። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው፤ የእኛን አቈጣጠር ስናነሣ ለይተን እንናገራለን። ዓለም ይህን ሰው ይበልጥ የሚያውቀው ጠርሙስና ማሰሮ በጠረጴዛ ላይ እየደረደረ በሣላቸው የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ነው። እነዚያን ለሌላ ጊዜ እንተዋቸውና፥ በመዳብ ላይ ቀርጾ በወረቀት ካተማቸው ከ130 በላይ ከሚሆኑት ሥራዎቹ መካከል ዛፍ፥ ኮረብታ፥ የገጠር ቤትና መንገድ የሚታይባቸውን እንመልከት።

አስቀድሞ ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሥዕሉን በእስክሪብቶ የተጫረ ሊመስለው ይችላልና። ኢጣሊያኖች ይህን ጥበብ አኳፎርቴ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ብርቱ ውሃ ማለት ነው። ብርቱ ውሃ የተባለውም አሲዱ ነው።

ሠዓሊው አንድ የመዳብ ሰሌዳ ወስዶ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለውለዋል። ከዚያም ሰሌዳውን አሙቆ፥ ሰም፥ ሬንጅና ሙጫ በአንድነት የቀለጡበትን ቅባት በገጹ ላይ እጅግ በስሱ ያለብሰዋል። ቀጥሎ ሰሌዳውን በፊቱ ደፍቶ ከጧፍ ነበልባል በላይ እያዘዋወረ ያጥነዋል፤ ገጹም በጥላሸት ይጠቁራል። ሠዓሊው በመርፌ የሚጽፈው በዚህ ጥቁር ገጽ ላይ ነው። መርፌው መዳቡን አይቈርጥም፤ የሚፍቀው ሰሙን ብቻ ነው፥ በተፋቀበትም ስፍራ ሁሉ መዳቡ እንደ ቀይ ክር ብልጭ ይላል። ብራና በወስፌ ሲሰመር ያየ ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም፤ ልዩነቱ ወስፌው ቆዳውን ሲጫነው መርፌው ግን ለመዳቡ የማይከብደው መሆኑ ነው። ስለዚህም እጅ በሰም ላይ በነጻነት ይሄዳል።

መዳቡን የሚቈርጠው አሲዱ ነው። የሰሌዳው ጀርባና ጠርዝ እንዳይነካ ተሸፍኖ አሲድ ወዳለበት ገንዳ ይገባል። አሲዱ በሰም የተሸፈነውን መዳብ መንካት አይችልም፤ የተገለጠውን መስመር ግን ይበላዋል። ጥቂት የቈየ መስመር ቀጭን፥ ብዙ የቈየ መስመር ጥልቅ ሆኖ ይቀራል። በስሱ እንዲቀር የሚፈለግ መስመር ካለ ሰሌዳው ወጥቶ፥ ታጥቦ፥ ያ ስፍራ በቫርኒሽ ይሸፈንና ሌላው እንደ ገና ወደ ገንዳው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሠዓሊው የሚይዘው ሰዓት እንጂ መርፌ አይደለም፤ ጥቂት ቢዘነጋ የወራት ድካሙ ሊበላሽበት ይችላል። በመጨረሻ ሰሙ ይታጠባል። ቅኔ ቤት የቈየ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሰሙ ሥራውን ፈጽሞ ሲሄድ ከበታቹ የሚገኘው መዳብ ነውና።

ከዚህ በኋላ ወፍራም ጥቁር ቀለም በሰሌዳው ላይ ይቀባል፤ መጀመሪያ በሳሳ ጨርቅ፥ በኋላም በእጅ መዳፍ ይጠረጋል። ከገጹ ቢጠፋም በተበላው መስመር ውስጥ ይቀራል። ይህ ቀለም ጥቁረቱን የሚያገኘው ከጥላሸት ነው፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁሩን ቀለም የሚበጠብጡት ከጥላሸት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያም ረጥቦ የለሰለሰ ወረቀት በሰሌዳው ላይ ይነጠፋል፥ በሱፍ ጨርቅም ይሸፈናል፥ በሁለት ከባድ የብረት ሲሊንደሮች መካከልም ያልፋል። ወረቀቱ ሲነሣ ቀለሙን ከየመስመሩ ስቦ ያወጣዋል፤ በሰሌዳው ላይ የነበረው ቀኝ ግራ፥ ግራውም ቀኝ ሆኖ ይታያል። የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖት በሥዕሉ ዙሪያ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል፤ እውነተኛውን የመዳብ ኅትመት ከመጽሐፍ ቅጂ ለመለየት በጣት ዳስሶ ይህን ምልክት መፈለግ አንዱ መንገድ ነው።

ሞራንዲ በቦሎኛ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከ1907 እስከ 1913 ተምሯል። የመዳብ ቅርጽን ግን ከመጻሕፍትና ከቀደሙት ጌቶች ሥራ፥ ይልቁንም ከሆላንዳዊው ከሬምብራንት፥ በራሱ ድካም ነው የተማረው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊነገር ይገባዋል። በወጣትነቱ እጅግ የወደደው የፈረንሳዩን ሠዓሊ ሴዛንን ሲሆን፥ ሥራዎቹን መጀመሪያ ያወቃቸው ቀለም በሌላቸው የመጽሐፍ ፎቶግራፎች ነበር። መምህሩን በጥቁርና በነጭ ብቻ አይቶ የተማረ ተማሪ በኋላ በጥቁርና በነጭ ጌታ መሆኑ አያስደንቅም። በ1912 የቀረጸው በሳቬና ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ሥዕልም የሴዛንን ትምህርት ገና አጥብቆ የያዘ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ቢሆንም የእጁ ጠባይ በዚያን ጊዜ ታውቋል።

አሁን ወደ ዛፎቹ እንመለስ። በአኳፎርቴ ነጭ ቀለም የሚባል ነገር የለም። በሥዕሉ ላይ ብርሃን ሆኖ የሚታየው መርፌ ሳይነካው የቀረ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ገና በጥቁር ሰም ላይ ሲጽፍ የት እንደማይጽፍ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሞራንዲ ከሌሎች የሚበልጠው በዚህ ይመስለናል። ጥላን ለማጥቈር ቀለም አያፈስስም፥ አያደበዝዝምም፤ መስመርን ከመስመር ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያስኬዳል፥ ጨለማ ሲሻም በዚያ ላይ ሌላ መስመር ያቋርጥበታል፥ ከዚያም ሦስተኛ። መስመሮቹ እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ይተላለፋሉ። የዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ አይቈጥርም፤ ፀሐይ የመታውን ወገን በሳሳ መስመር፥ ጥላ የዋለበትን በጠበቀ መረብ ያሳየናል፥ ቅጠሉን የሚጨምረው የተመልካቹ ዐይን ነው። ቀረብ ብለው ሲመለከቱት መስመር ብቻ ይታያል፤ ሁለት እርምጃ ሲርቁ ዛፍ ቆሞ ይታያል። በ1930 ፖፕላር የሚባሉትን ረጃጅም ዛፎች የቀረጸበትን ሰሌዳም በዚሁ መንገድ መመልከት ይቻላል።

በ1933 ከሠራቸው አንዱ «ነጩ መንገድ» ይባላል። ርእሱ እንደሚለው ነገሩ የአቧራ መንገድ ነው። መንገዱ የበጋ ፀሐይ ወድቆበት ዐይን እስኪወጋ ድረስ ያበራል፤ ይህንም ብርሃን ያገኘው በዳርና በዳሩ ያለውን ሣርና ዛፍ በመስመር አጥብቆ መንገዱን ለወረቀቱ በመተው ነው። በአንጻሩ በ1928 አንዱን ኮረብታ ሁለት ጊዜ ቀርጾታል፤ አንዱን «ኮረብታው በጧት»፥ ሁለተኛውን «ኮረብታው በማታ» ብሎ ሰየማቸው። ኮረብታው አንድ ነው፤ የተለወጠው የመስመሩ ጥግግት ነው፥ ከእርሱም ጋር ሰዓቱ ይለወጣል። ይህን ለተማሪ በቃል ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማሳየት ግን ይበቃል።

በእነዚህ ሥዕሎች ሰው የለም። በመንገዱ የሚሄድ፥ በማሳው የሚያርስ፥ በደጃፍ የተቀመጠ አይገኝም። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ቀዝቃዛ ናቸው ይሏቸዋል። እኛ ግን ሰው ከሜዳ ወጥቶ ወደ ቤቱ በገባበት ሰዓት፥ ቀትር ላይ፥ አገር የሚይዘውን ጸጥታ እናይባቸዋለን። በ1924 ከመኖሪያ ቤቱ የሚታየውን የጓሮ አትክልት የቀረጸበት ሥዕል ይህን ጸጥታ አጥብቆ ይዟል፤ ነገሩ ከዛፍ፥ ከግንብና ከጥላ አያልፍም፤ ዐይን ግን ቶሎ ሊተወው አይወድም።

ኮረብቶቹ የሚገኙት ከቦሎኛ በስተ ደቡብ በአፔኒን ተራሮች በምትገኘው በግሪትሳና መንደር ነው። ሞራንዲ ከቤተሰቡ ጋር መጀመሪያ ወደዚያ የሄደው በ1913 በጋ ሲሆን፥ በኋላም በየበጋው ተመላልሶባታል። ሌሎች ሠዓልያን ፓሪስንና ሮምን ሲዞሩ እርሱ አንዱን ሸንተረር ከአንድ መስኮት ዓመት ከዓመት ይመለከት ነበር። ከኢጣሊያ መጀመሪያ የወጣው ዕድሜው 66 ዓመት ሲሆን በ1956 ወደ ስዊስ ነው። በቦሎኛ ከ1910 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በአንድ ጎዳና፥ በቪያ ፎንዳትሳ፥ ከእናቱና ከሦስት እኅቶቹ ጋር ኖረ፤ አላገባም። የሚሠራባት ክፍል የሚተኛባትም ክፍል ነበረች።

ይልቁንም ለእኛ ለመምህራን ልብ የሚቀርበን ይህ ነው፤ ከ1914 እስከ 1929 የቦሎኛ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥዕል መምህር ነበረ። የሕፃናት ሥዕል መምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግረንም። ከመዳብ ሥራዎቹ ዋና ዋናዎቹ የተወለዱት ደግሞ በእነዚሁ ዓመታትና ከእነርሱ ቀጥለው በመጡት ጥቂት ዓመታት ነው። በ1930 በአካዳሚው የመዳብ ቅርጽ መምህር ሆኖ ተሾመ፥ እስከ 1956ም በዚያ አስተማረ። በብራዚል በሳኦ ፓውሎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በ1953 በኅትመት ሥራው፥ በ1957 ደግሞ በቀለም ሥዕሉ ታላቁን ሽልማት አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ፥ አያቱ በማይጨው የወደቀበት ወይም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፥ «ያ ዘመን የኢጣሊያኖች ዘመን አልነበረምን? ይህ ሰው ኮረብታውን ሲቀርጽ የአገሩ ልጆች የት ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እንዲያውም ሳንጠየቅ ልንመልሰው የሚገባ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሞራንዲ በየካቲት 1928 ላሳልቶ በተባለው የቦሎኛ ፋሺስቶች ጋዜጣ ስለ ሕይወቱ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፥ በፋሺዝም ከመነሻው ጀምሮ ብዙ እምነት እንደ ነበረው ተናግሯል። በዚያን ዘመን የገጠሩን ኢጣሊያ የሚያወድሱ የፋሺስት ወገን ጸሐፊዎችና ሠዓልያን ነበሩ፤ ሥራዎቹንም በመጽሔታቸው አትመውለታል። የአካዳሚውን ወንበር የሰጠው ያው መንግሥት ነው፤ የሰጠውም ለስሙ ዝና ብሎ ያለ ውድድር ነው። ያ መንግሥት በ1935 ምን ይዞ እንደ መጣብን ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ይህን ሸሽጎ ዛፎቹን ብቻ ማሳየት ለልጆችም ለአዋቂዎችም ተገቢ መስሎ አይታየንም።

ሌላም እውነት አለ። በእነዚያ ዓመታት ብዙዎች ለገዢው ምስልና ለወታደር ሰልፍ እጃቸውን ሲያውሱ፥ የሞራንዲ ሰሌዳዎች ጠርሙስና ኮረብታ ብቻ ይዘው ቀርተዋል። በግንቦት 1943 ፋሺዝምን ከሚቃወሙ ወዳጆቹ ጋር ባለው ግንኙነት ተጠርጥሮ ተያዘ፥ ለአንድ ሳምንት ያህልም ታስሮ ተለቀቀ። ከዚህ እስራት የተነሣ አርበኛ ነበረ የሚሉ ቢኖሩ አንስማማም፤ ሰባት ቀን የ1928ቱን ቃል አይፍቅም። ደግሞም በአንድ ቃል ምክንያት የሠላሳ ዓመት ሥራውን ወደ እሳት መጣል ፍርድ አይሆንም። ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ነው የሚሻለው፤ ጥቁሩ ጥቁር፥ ነጩም ነጭ ሆኖ እንዲታይ።

ከእስራቱ በኋላ ከእኅቶቹ ጋር ወደ ግሪትሳና ሸሸ፤ በ1944 በጋ ጦርነቱ ሲቀርብ ወደ ቦሎኛ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከመስከረም 29 እስከ ጥቅምት 5 ድረስ በማርዛቦቶ፥ በግሪትሳናና በሞንዙኖ አውራጃ ባሉት የሞንቴ ሶሌ ኮረብቶች የጀርመን ኤስ ኤስ ወታደሮች 770 ያህል ሰዎችን ፈጁ፤ ከእነርሱም ከ200 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በካሳሊያ መንደር በቤተ ክርስቲያን የተጠጉት ሰዎች ወደ መቃብሩ ስፍራ ተነድተው በመትረየስ ተገደሉ፤ ካህናቸው ኡባልዶ ማርኪዮኒም በዚያው ቀን ተገደሉ። በደብረ ሊባኖስ በግንቦት 1929 ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳትና ዲያቆናት ሲታረዱ፥ ፋሺዝም በሰባት ዓመት ውስጥ ጦርነቱን ወደ ራሱ አገር ካህናትና ሕፃናት እንደሚያመጣ ያሰበ ኢጣሊያዊ ምን ያህል ይሆን? የሞንቴ ሶሌን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የ1928ቱን ኮረብታ በጧትና በማታ ሲያይ፥ ሰው የሌለበት ያ ጸጥታ ከቀድሞው የተለየ ሆኖ ይታየዋል። ሠዓሊው ሲቀርጸው ይህን አያውቅም ነበር።

እነዚህን ሥዕሎች በመጽሐፍ ያገኘ ቤተሰብ ከልጆች ጋር ሲመለከታቸው እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። ልጁ መጀመሪያ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅ፤ ዛፍ ነው ብሎ ገጹን ይገለብጣልና። ይልቅስ ወረቀቱ ሳይነካ የቀረበትን ስፍራ በጣቱ ያሳይ። ቀጥሎ ከሁሉ የጨለመውን ስፍራ ፈልጎ፥ ስንት ዐይነት መስመር እንደ ተቋረጠበት በማጉያ መስታወት ይቍጠር። ከዚያም እርሳስ ተሰጥቶት በደጃፉ ያለውን ዛፍ፥ ባሕር ዛፍም ይሁን ወይራ፥ ቀለም ሳይጠቀምና ቅጠል ሳይቈጥር በተሻጋሪ መስመር ብቻ ይሞክር። የመጀመሪያው ሙከራ የሽቦ ክምር መምሰሉ አይቀርም፤ አምስተኛው ላይ ግን ልጁ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች መጠየቅ ይጀምራል። አሲዱንና መዳቡን ግን በቤት መሞከር አይገባም፤ እንፋሎቱ ሳንባን ይጎዳል፥ ጠብታውም ቆዳን ይልጣል።

ወደ ቦሎኛ የሚሄድ ሰው ደግሞ ኅትመቶቹን በዐይኑ ማየት ይችላል። በ1993 በከተማይቱ በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል፤ በቪያ ፎንዳትሳ ያለው መኖሪያውም በ2009 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ግሪትሳና በ1985 ግሪትሳና ሞራንዲ ተብላ ተሰይማለች። በ1929 በመዳብ የቀረጻቸው የካምፒያሮ ቤቶች ካሉበት ስፍራ የነበሩት የድርቆሽ ማከማቻዎችም ታድሰው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሆነዋል፤ ከደጃፋቸው ቆሞ ወደ ሸለቆው የሚመለከት ሰው የሚያየው ያንኑ ሸንተረር ነው።